ተሳቢ እንስሳትን የጀርባ አጥንት ካላቸው ሌሎች እንስሳት እንዴት መለየት ይቻላል?

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች እርጥብ አፈር ሲገለበጥ አንዳንድ ጊዜ እግር የሌለው፣ እባብ የሚመስል እንስሳ ይወጣል። ሲሲሊያን ከሚባሉት ወገን ነው፤ ይህ ዝርያ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም። እባብ ሳይሆን የእንቁራሪት ዘመድ ነው፤ እባብ መስሏቸው የሚገድሉት ሰዎች ቢያውቁ ምንኛ በወደድሁ። በእግር መለየት አያዋጣም፤ አዞና ኤሊ አራት እግር ይዘው ከእባብ ጋር በተሳቢ እንስሳት ይመደባሉና። በሚከተለው ቅደም ተከተል መርምሩ። እባብ ከጠረጠራችሁ ግን ከሩቅ ይሁን፤ መርዛማውን ከሌላው መለየት ቀላል አይደለም።

1. ከቆዳው ጀምሩ። የተሳቢ እንስሳ ቆዳ ደረቅ ነው። የሚሸፍነው ቅርፊት እንደ ጥፍራችን ከኬራቲን የተሠራ በመሆኑ የሰውነቱን ውኃ ይይዝለታል፤ እንሽላሊት በአፋር በረሃ የሚኖረው በዚህ ነው። የእንቁራሪት ቆዳ ግን እርጥብ ነው፤ አየርም ያስገባል። ዓሣም ቅርፊት አለው፤ ሆኖም በቢላዋ ሲፋቅ አንድ በአንድ ይረግፋል። የእባብ ቅርፊት የቆዳው አካል ስለሆነ ሲለወጥ አብሮ ይገፈፋል። ፓንጎሊን የሚባለው እንስሳ ያሳስታል፦ ቅርፊት ለብሶ ሳለ ጸጉር አለው፣ ልጁንም ያጠባል፤ ስለዚህ አጥቢ ነው። ላባ ካያችሁ ደግሞ እግሩ ላይ ቅርፊት ቢኖርም ወፍ ነው።

2. አተነፋፈሱን እዩ። ተሳቢ እንስሳ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ በሳንባ ይተነፍሳል። አዞም ኤሊም ለአየር ከውኃው ብቅ ይላሉ፤ ዓሣ ውኃ ውስጥ የሚተነፍስበት ስንጥብ የላቸውም።

3. እንቁላሉን መርምሩ። ለእኔ ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። እንቁራሪት አብዛኛውን ጊዜ ቅርፊት የሌለውን፣ ዝልግልግ እንቁላሏን ውኃ ውስጥ ትጥላለች። ተሳቢ እንስሳ ግን ሽሉ የሚያድግበትን ውኃ በሽፋን ጠቅልሎ እንቁላሉ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ በየብስ ይጥላል። አዞ እንኳ ሐይቁን ትታ ዳር ወጥታ አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች። የሚፈለፈለውም ወላጁን መስሎ ነው፤ እንደ እንቁራሪት ልጅ ጅራት ይዞ የሚዋኝበት ዘመን የለውም።

እፉኝትን በተመለከተ ልጆቿ ሆዷን ቀደው ይወጣሉ ሲባል ኖሯል። አይቀዱም። የብዙ እፉኝቶች ልጆች በእናታቸው ሆድ አድገው በደህና ይወለዳሉ፤ እናትየውም አትሞትም። ሕያው ልጅ መውለድ ብቻውን አጥቢ አያሰኝም፤ ወተት ያስፈልጋል።

4. ሙቀቱን ከየት እንደሚያገኝ ተከታተሉ። ይህ ከወፍና ከአጥቢ እንጂ ከዓሣና ከእንቁራሪት አይለይላችሁም። በጫሞ ሐይቅ ዳር፣ የአዞ ገበያ በሚባለው ስፍራ፣ አዞዎች ፀሐይ ላይ የሚዘረጉት ለመሞቅ ነው፤ ሲበዛባቸው አፋቸውን ይከፍታሉ ወይም ወደ ውኃው ይመለሳሉ። ሰውነታቸውን ለማሞቅ ምግብ ስለማያቃጥሉ ለወራት ሳይበሉ መቆየት ይችላሉ።

የልብን ክፍሎች በመቁጠር መለየትን አልመክርም። አብዛኞቹ ተሳቢዎች ባለ ሦስት ክፍል ልብ ሲኖራቸው አዞ እንደ ወፍና እንደ ሰው አራት አለው፤ በዘር ሐረግም ከእንሽላሊት ይልቅ ለወፍ ይቀርባል።