ውሻና ድመታችሁን ሳትጎዱ የህክምና ወጪያችሁን እንዴት መቀነስ ትችላላችሁ?

ባለፈው ክረምት ውሻዬ ዳማ ምግብ እምቢ አለ። በማግስቱ ከተኛበት አልነሳ አለ። ጎረቤታችን እማማ አይተውት አዘኑ። «ልጄ፣ ቤት ድረስ እየመጣ የሚወጋ ልጅ አለ፣ ልጥራልህ?» አሉኝ። ልጁ መጣ፣ ዓይኑን አየት አደረገና አንድ መርፌ ወጋው። በማግስቱ ሌላ መርፌ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሌላ። ዳማ ግን እየባሰበት ሄደ። በመጨረሻ በባጃጅ ጭኜ ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሟ ከንፈሩን ገለጥ አድርጋ ድዱን አየች፤ ነጭ ሆኗል። ከጆሮው ጫፍ ጠብታ ደም ወስዳ በማይክሮስኮፕ ካየች በኋላ መዥገር የሚያስተላልፈው የደም በሽታ እንደሆነ ነገረችኝ። ትክክለኛው መድኃኒት ለሦስቱ መርፌዎች ከከፈልኩት ያነሰ ዋጋ ነበረው።

ዳማ ድኗል። እኔ ግን ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ገንዘባችን የሚያልቀው ሐኪም ዘንድ በመሄዳችን ሳይሆን ዘግይተን በመሄዳችንና በግምት በመታከማችን ነው።

ዋጋው መጨመሩ እውነት ነው። ለውሻና ለድመት የሚሆነው ክትባት፣ የትላትል መድኃኒቱ፣ ማደንዘዣው፣ አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኛ ያለንባት ጅማ ደግሞ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ የማጓጓዣው ዋጋም ይጨመርበታል። ይህን እኔም እናንተም አንለውጠውም። የምንለውጠው ሌላ ነገር አለ፤ እሱን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ደብተር ግዙ

ተራ የተማሪ ደብተር ይበቃል። ክትባቱ መቼ ተሰጠ፣ የትላትል መድኃኒቱ መቼ ተሰጠ፣ የመድኃኒቱ ስም ምንድን ነው፣ ስንት ተከፈለ፣ ሁሉንም ጻፉ። መድኃኒቱ የመጣበትን ካርቶን በስልክ ፎቶ አንሱት። ሐኪም ሲቀየር ወይም እንስሳው ሲብስበት «ምን ተሰጥቶት ነበር?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። መልሱን ካላወቃችሁ ምርመራው ከዜሮ ይጀምራል፣ እናንተም እንደገና ትከፍላላችሁ።

ክብደቱንም በየወሩ መዝግቡ። መድኃኒት የሚሰጠው በኪሎ ተሰልቶ ነው። በግምት ከሰጣችሁ ወይ ይበዛና ይጎዳዋል፣ ወይ ያንስና በሽታው ሳይድን ገንዘቡ ይባክናል። ሚዛን የለኝም ካላችሁ ጅማ ውስጥ ቡና የሚገዛ ነጋዴ የሌለበት ሰፈር ስለሌለ ጠይቁት፣ ደስ ብሎት ይመዝንላችኋል። ውሻውን አቅፋችሁ ቆሙ፣ ከዚያ ብቻችሁን ቆሙ፣ ልዩነቱ የውሻው ኪሎ ነው።

ክትባትና የትላትል መድኃኒት ላይ አትቆጥቡ

ከሌላው ነገር ቀንሱ፣ ከዚህ ግን አትቀንሱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ እንስሳውም ሰውም አይተርፍም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ጉዳት 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በሚነግራችሁ ቀጠሮ ይደገማል፤ በብዛት በዓመት አንዴ ነው። ድመትም ትከተባለች። ብዙ ሰው ድመቷን ይረሳታል።

ቡችላ ካላችሁ ፓርቮ የሚባለውን በሽታ እወቁት። ቡችላውን ደም በተቀላቀለበት ተቅማጥና በማስመለስ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጨርስ ነው። ለማከም ለቀናት ግሉኮስ ላይ መዋል ስለሚጠይቅ ወጪው ከክትባቱ ጋር አይወዳደርም። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ፣ ቡችላው 16 ሳምንት እስኪሞላው በየተወሰነ ሳምንት ይደጋገማል። አንድ ጊዜ ብቻ አስከትባችሁ «ተከትቧል» አትበሉ። ቤታችሁ ውስጥ በዚህ በሽታ የሞተ ቡችላ ከነበረ ቫይረሱ ግቢው ውስጥ ለወራት ይቆያል። ወለሉን በደንብ አጥባችሁ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጡና አፍሱበት፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ። ያልተከተበ አዲስ ቡችላ ወዲያው አታምጡ።

አሁን ገንዘብ የሚቆጥበውን ልንገራችሁ። አንዳንዱ የእብድ ውሻ ክትባት ለብዙ እንስሳ በሚሆን አንድ ብልቃጥ ይመጣል። አንዴ ከተከፈተ ቶሎ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ክሊኒኩ ሄዳችሁ ብልቃጡ ለስንት እንደሚሆን ጠይቁ፣ ከዚያ የሰፈር ሰው ሰብስባችሁ በአንድ ቀን ሂዱ፣ ወይም ሐኪሙን አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ሰፈር ጥሩት። የመመላለሻ ክፍያውን ለስድስት ሰው ስትካፈሉት ሸክሙ ይቀላል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። በኪስ ተይዞ የመጣ ክትባት ከማስወጋት አለማስወጋት ይሻላል፣ ቢያንስ ተከትቧል ብላችሁ አትዘናጉም።

መስከረም 18 አካባቢ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ይከበራል። በዚያ ሰሞን የክትባት ዘመቻ ይኖር እንደሆነ የከተማውን ግብርና ቢሮና ዩኒቨርሲቲውን ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።

የጅማ ዝናብና መዥገር

እዚህ ዝናቡ ረጅም ነው። ሣሩ አይደርቅም። በተለይ አዌቱ ወንዝ ዳር ወይም ቦዬ አካባቢ ውሻ ይዛችሁ የምትንሸራሸሩ ከሆነ መዥገር ይዞ ሳይመለስ አይቀርም። እኔ አሁን ማታ ማታ ዳማን በጣቴ እዳስሰዋለሁ፦ ጆሮው ውስጥ፣ በጣቶቹ መሃል፣ ከአንገት ማሰሪያው ሥር፣ ብብቱ ሥር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መዥገር ስታገኙ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ጋዝ አታፍስሱበት፣ በክብሪት አታቃጥሉት። የግቢውን ሣር አሳጥሩ።

ለከብት የሚረጨውን መድኃኒት በግምት በጥብጦ ውሻ ላይ ማፍሰስ እኛ ሰፈር የተለመደ ነው፣ ርካሽም ነው። እባካችሁ ሐኪም ሳይነግራችሁ አታድርጉት። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ዲያዚኖን ሲበዛ ውሻን ያንቀጠቅጣል፣ ለሃጩን ያዝረበርበዋል፣ ይገድለዋል። አሚትራዝ የሚባለውና የውሻ ቁንጫ መድኃኒቶች ውስጥ የሚገባው ፐርሜትሪን ደግሞ ለድመት መርዝ ናቸው። ድመቷ የተረጨውን ውሻ ተጠግታ ተኝታ ከዚያ ፀጉሯን ብትልስ እንኳ ሊጎዳት ይችላል።

ከቤታችሁ የሚመጣውን በሽታ ዝጉ

ለአረፋም ለፋሲካም በየግቢው ይታረዳል። ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ሲገኝ «ለውሻ ጣለው» ይባላል። እሱ የኮሶ ዘር የሆነ ትል ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በእዳሪው ይወጣል፣ ከዚያ በልጆች እጅ ወደ አፍ ይገባና ሰው ጉበት ላይ ያንኑ እብጠት ይሠራል። ለሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ነው። ውሻው ራሱ የታመመ አይመስልም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ሌላውን የሆድ ዕቃ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀቅላችሁ ስጡ። የትላትል መድኃኒት ለቡችላ ከሁለት ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ ቶሎ ቶሎ ይሰጣል፣ ላደገ ውሻ በየሦስት ወሩ። ስትገዙ «ኮሶንም ይገድላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሁሉም አይገድልምና።

የወጥ ትራፊ ላይ ደግሞ አስቡበት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ደም ያበላሻል፣ የድመትን ይብሳል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። አቮካዶ በየግቢው በሚበቅልበት ከተማ ውሻ የውስጡን ፍሬ ውጦ አንጀቱ ተዘግቶ ለቀዶ ጥገና የሚደርስበት ጊዜ አለ፤ የወደቀውን ልቀሙ። የጅማ ልጅ ለሆነ ሰው ይህን መናገር ቢከብድም ቡናም ለውሻ መርዝ ነው። ለመድረቅ የተሰጣ ቡና ወይም የጀበና አተላ በብዛት ከበላ ልቡ ይፈጥናል፣ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ቡና የሚያሰጣ ሰው ውሻውን ይሰር።

ከሰው መድኃኒት ቤት አትግዙለት

ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምለው። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፣ አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ ይበቃል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። ለራስ ምታታችን የምንወስደው ርካሽ ክኒን ነው ብለን በቅንነት እንሰጣለን፣ ከዚያ ሁለተኛ ሕመም እናመጣበታለን፣ ለሁለቱም እንከፍላለን። ትርፍ የአንቲባዮቲክ ክኒን ቤት ውስጥ አስቀምጦ መስጠትም እንደዚያው ነው።

የትኛው ያጣድፋል፣ የትኛው ያድራል?

ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዙ። በደህና ጊዜ የውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፣ በእኛ ሚዛን ትኩሳት የሚመስል። ድዱን በጣታችሁ ተጫኑት፤ ይነጣና በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት። ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን ቁጠሩ፤ በደቂቃ ከ30 በታች መሆን አለበት። እነዚህን ጤነኛ እያለ ካወቃችሁ ሲታመም አትደናገጡም፤ ለሐኪሙ በስልክ ስትነግሩትም እስከ ጠዋት መቆየት እንደምትችሉ ወይም እንደማትችሉ ይነግራችኋል።

ያደገ ውሻ አንዴ አስመልሶ ነገር ግን እየተጫወተ ውሃ ከጠጣ፣ ምግቡን ለጥቂት ሰዓት አቁማችሁ ከዚያ የተቀቀለ ሩዝና ያለቅመም የተቀቀለ ዶሮ በትንሽ በትንሹ ስጡትና ተከታተሉት። ቡችላ ሲያስመልስ ግን አትጠብቁ። ድዱ የነጣ፣ ሆዱ ድንገት የተነፋ፣ መርዝ የበላ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ለመተንፈስ የተቸገረ ዛሬውኑ ይሂድ። ወንድ ድመት ሽንት ለመሽናት ቁጭ ብሎ እያማጠ ምንም ካልወጣው ሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ በአንድ በሁለት ቀን ይሞታል። የሆድ ድርቀት መስሏቸው የሚጠብቁ ሰዎች አውቃለሁ።

ውሻ ሰውን ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ይህ በጭራሽ የሚቆጠብበት ቦታ አይደለም።

ሐኪም ፊት ስትቆሙ

ገንዘባችሁን አትደብቁ። እኔ አሁን እንዲህ እላለሁ፦ «ዶክተር፣ ዛሬ የያዝኩት ይህን ያህል ነው። መጀመሪያ የግድ የሚያስፈልገው የቱ ነው?» ሐኪሞች ይህን ሲሰሙ አይከፋቸውም። ብዙ ጊዜ ምርመራውን በሁለት ዙር ይከፍሉታል፣ ወይም አንድ ዓይነት ሥራ ያለውን ርካሽ መድኃኒት ይጽፋሉ። «ይህ ምርመራ ምን ቢያሳይ ህክምናው ይቀየራል?» ብላችሁም ጠይቁ። መልሱ «አይቀየርም» ከሆነ ምርመራው ሊቀር ይችላል። የመድኃኒቱን ስም አስጽፋችሁ ሁለት ሦስት የእንስሳት መድኃኒት ቤት ጠይቁ፣ ዋጋው ይለያያል። የሚያበቃበትን ቀን ማየት አትርሱ።

ጅማ ያለን ሰዎች ዕድለኞች ነን። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ህክምና ኮሌጅ እዚሁ ነው፣ እንስሳትም ይታከሙበታል። የተማሪዎች መማሪያ ስለሆነ አንዱ ያያል፣ ሌላው ይደግማል፣ መምህሩ ያረጋግጣል፤ ጊዜ ይወስዳል። ጠዋት በጊዜ ሂዱ። ግራ የሚያጋባ በሽታ ሲሆን እኔ መጀመሪያ የምሄደው እዚያ ነው።

ለትልቁ ወጪ ከወዲሁ አጠራቅሙ

ሴት ውሻ ወይም ድመት ካለቻችሁ ማምከኑን በደህና ጊዜ አስደርጉት። ያልመከነች ሴት ውሻ ስታረጅ ማህፀኗ መግል ሊይዝ ይችላል፤ ያኔ ቀዶ ጥገናው በሌሊት፣ በተዳከመ አካል ላይ ነው የሚሠራው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። በግንኙነት የሚተላለፈው የብልት እባጭም አለ። ጎዳና ውሾች ላይ ብዙ ነው፣ በየሳምንቱ ለሳምንታት የሚሰጥ መርፌ ይፈልጋል። ግቢያችሁን ዝጉ፣ ውሻችሁን አምክኑ።

ገንዘቡን በተመለከተ በቴሌብር ሳንዱቅ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ የሚያስቀምጡ ጓደኞች አሉኝ። እኛ ሰፈር ግን ዕቁብ ጀምረናል። ውሻና ድመት ያለን ስድስት ቤተሰቦች ነን፣ እማማም ገብተዋል። ዕጣው የወጣለት ሰው ብሩን የሚያወጣው ለእንስሳው ህክምና ብቻ ነው፤ ድንገት የታመመበት ካለ ተራው ይለቀቅለታል። የመጀመሪያው ዕጣ ለእማማ ደረሰ። ድመታቸው ባለፈው ወር መክናለች፣ ስፌቷም በአሥረኛው ቀን ተፈታ።