የባዮፕሲ ናሙና ከከተማ ዳር ተነስቶ ጥቁር አንበሳ ሳይበላሽ እንዴት ይደርሳል?

በሰበታ፣ በሱሉልታ ወይም በለገጣፎ ዕጢ የወጣለት ሰው የካንሰር ሕክምና የሚጀምረው የፓቶሎጂ ውጤት፣ ማለትም የወጣው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ታይቶ የተሰጠ ውጤት፣ ሲይዝ ነው። ናሙናውን ተሸክሞ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አስታማሚው ነው። የበሰበሰ ናሙና አይታደስም፤ ዕጢው ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሌላ ቁራጭ ከየትም አይገኝም።

1. ዕቃውን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያዘጋጁ። አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ፕላስቲክ ይሁን። ሃይላንድ በፍጹም አይሆንም። በጠባቡ አፍ ለስላሳ ሆኖ የገባ ሥጋ ፎርማሊን (ሥጋን ከመበስበስ የሚጠብቅ ፈሳሽ) ውስጥ ይደድርና አልወጣም ይላል።

2. ፎርማሊን። የሚፈለገው 10 በመቶ በፈር (አሲድነቱን የሚያስተካክል ጨው) ያለው ፎርማሊን ነው፤ ቅልቅሉን ለባለሙያ ይተዉት። መጠኑ ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን፤ 20 ሚሊ ሊትር ቦታ ለሚይዝ ቁራጭ 200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ሳላይን (የጨው ውኃ) መበስበስን አያቆምም። ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ በረዶው ሴሎቹን ያፈርሳል።

ብዙ ናሙና የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ፎርማሊን ሥጋ ውስጥ የሚዘልቀው ቢበዛ በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሙሉ ጡት ሳይቆረጥ ከተነከረ ዳርዳሩ ይደድራል፣ ዕጢው ያለበት መሃሉ ግን ይበሰብሳል። ስለዚህ ሐኪሙን “በየ1 ሳንቲ ሜትሩ እንደ ዳቦ ይቆረጥልን” ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የጡት ናሙና በወጣ በ1 ሰዓት ውስጥ መነከር አለበት፤ ፎርማሊን ውስጥ የሚቆየውም ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው። ከዚህ ካነሰ ወይም ካለፈ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራው (ዕጢው በሆርሞን የሚያድግ መሆን አለመሆኑን የሚለየው) ሊሳሳት ይችላል፣ መድኃኒቱ የሚመረጠው ደግሞ በእሱ ነው። ዓርብ ከሰዓት የወጣ ናሙና ሰኞ ጠዋት 60 ሰዓት አልፎታል፤ በዓል ከተጨመረ አበቃ። ቀዶ ሕክምናውን ሰኞ ወይም ማክሰኞ ማስያዝ ከሁሉ ይሻላል።

3. ጽሑፍ። ስም እስከ አያት፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር፣ የአካል ክፍሉ ከነግራ ቀኙ፣ የወጣበት ቀንና ሰዓት። ሁሉም በእርሳስ ተጽፎ በዕቃው አካል ላይ ይለጠፍ፤ እስክሪብቶ በፎርማሊን ይለቃል፣ ክዳን ደግሞ ከሌላ ሰው ክዳን ጋር ይቀያየራል። ቀኑ የኢትዮጵያ ይሁን የፈረንጅ፣ ሰዓቱ የጠዋት ይሁን የማታ ለይተው ይጻፉ። ስሙ ከሪፈር ወረቀቱ ጋር አንድ ፊደል እንኳ እንዳይለያይ።

4. በቀጭን መርፌ ከተወሰደ ናሙና የተሠራ ስላይድ (ናሙናው የተቀባበት መስታወት) ካለ ለብቻው ይያዝ። አየር ላይ የደረቀ ስላይድ የፎርማሊን ትነት ካገኘው ቀለም አይቀበልም።

5. ጉዞ። ዕቃውን በሁለት ፌስታል ጠቅልለው ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ወረቀቱን በሌላ ፌስታል። ፎርማሊን ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላልና ታክሲ ውስጥ አይክፈቱት።

6. ውጤቱ የወጣው በሌላ ላቦራቶሪ ከሆነ ማኅተም ያለውን ወረቀት ብቻ ይዘው አይሂዱ። ስላይዱንና የሰም ብሎኩንም (ናሙናው በሰም ውስጥ ተቀብሮ የተቀመጠበትን) ይጠይቁ። ጥቁር አንበሳ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው፤ ስላይዱ እንደገና ሊታይ፣ ከብሎኩም ተጨማሪ ምርመራ ሊሠራ ይችላል። ብሎኩ ሰም ነውና ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት። ሲያስረክቡ የተቀባዩን ፊርማና ቀን በወረቀቱ ኮፒ ላይ ያስጽፉ።