የሰመር የሥዕል ኮርስ፦ ጊዜና ገንዘብ የሚያስበሉ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ሰመር ላይ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሥዕል ለመማር የሚመዘገበው ሐበሻ ብዙ ዓይነት ነው። ሃይስኩል ጨርሶ ፖርትፎሊዮ (ለማመልከቻ የሚቀርብ የሥራ ስብስብ) የሚያዘጋጅ አለ፤ ነርሲንግ እየተማረች 3 ክሬዲት የጎደላት አለች፤ የልጅነት ፍላጎቱን ከሥራ መልስ ሊወጣ የመጣም አለ። ስህተቱ ግን ይመሳሰላል፤ አብዛኛውም የሚመነጨው ጊዜን ካለማስላት ነው።

ኮርሱን ቀላል አድርጎ መቁጠር

ባለ 3 ክሬዲት የድሮዊንግ ኮርስ በመደበኛው ሴሚስተር ብዙውን ጊዜ 15 ሳምንት ይወስዳል፤ በሳምንት 6 ሰዓት ያህል ስቱዲዮ አለው። ድምሩ 90 ሰዓት ነው። ሰመር ላይ ያው 90 ሰዓት በ6 ሳምንት ሲታጨቅ በሳምንት 15 ሰዓት ይደርሳል፤ የቤት ሥራው ከዚያ ውጭ ነው። አንድ ሳምንት የቀረ ሰው በመደበኛው አቆጣጠር ሁለት ሳምንት ተኩል እንደቀረ ነው። ሰመር ደግሞ የሰርግ፣ የክርስትናና የአገር ቤት ጉዞ ወቅት ነው፤ በጁላይ መጀመሪያ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድርም አለ። ከመመዝገባችሁ በፊት ቀኖቹን ከካላንደራችሁ ጋር አስተያዩ። ሙሉ ገንዘብ የሚመለስበት ቀነ ገደብ ሰመር ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚያልፍ፣ «አንድ ሳምንት አይቼ እወስናለሁ» ማለት ያስከፍላል።

ክሬዲቱ የት እንደሚቆጠር አለመጠየቅ

የስቱዲዮ ኮርስ በአንዱ ኮሌጅ የጥበብ ግዴታን ያሟላል፤ በሌላው ምርጫ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ወደ አራት ዓመት ኮሌጅ የምትዛወሩ ከሆነ፣ የሚቀበላችሁን ኮሌጅ አማካሪ በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ። ፔል ግራንትን (የማይመለሰውን የፌዴራል የትምህርት ድጎማ) በተመለከተ፣ የዓመቱን ድርሻ በፎልና በስፕሪንግ የጨረሰ ተማሪ ለሰመር ተጨማሪውን የሚያገኘው ቢያንስ ግማሽ ጊዜ፣ ማለትም በአብዛኛው 6 ክሬዲት፣ ሲመዘገብ ነው። ለብቻው የተያዘ የ3 ክሬዲት የሥዕል ኮርስ እዚያ አይደርስም።

ዕቃ አስቀድሞ በገፍ መግዛት

የመምህሩ ዝርዝር ሳይወጣ ባለ 72 እርሳስ ሣጥን የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። ለመጀመሪያው ሳምንት ኤችቢ፣ 2ቢ፣ 4ቢና 6ቢ እርሳስ፣ ቀጭን የዊሎው ከሰል፣ አንድ ሁለት የታመቀ ከሰል፣ እንደ ሊጥ የሚታሽ ላጲስ፣ 18 በ24 ኢንች የሆነ የኒውስፕሪንት (የጋዜጣ ዓይነት ርካሽ ወረቀት) ደብተርና መያዣ ያለው ሰሌዳ ይበቃል። የዊሎው ከሰል በጣት ጠረግ ሲያደርጉት ይለቃል፤ የታመቀው ግን ወረቀቱ ውስጥ ስለሚገባ በደንብ አይጠፋም። ስለዚህ በዊሎው ተጀምሮ ጥቁሩ መጨረሻ ላይ በታመቀው ይጠናከራል። ኒውስፕሪንት በፍጥነት ቢጫ ስለሚሆን ለልምምድ እንጂ ለፖርትፎሊዮ አይሆንም። ገንዘብ መቆጠብ ካለባችሁ ከእርሳሱ ቆጥቡ፤ ከወረቀቱ አትቆጥቡ። ከሰሉ እንዳይለቅ የሚያደርገው ማጽኛ ስፕሬይ (ፊክሳቲቭ) ከ30 ሳንቲሜትር ያህል ርቀት በስሱ፣ ከቤት ውጭ ይረጫል። ከተረጨ በኋላ ማረም ይከብዳል።

ከሽፋሽፍት መጀመር

ከሁሉም በላይ ሥዕል የሚያበላሸው ይህ ነው። ተማሪው ዓይኑን አሳምሮ ይሥልና ጭንቅላቱ ወረቀቱ ላይ አይበቃውም። ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ በሚወስዱ ፈጣን ንድፎች የአካሉን አቅጣጫ ያዙ። ቀጥሎ ለኩ፦ ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርጉ፣ አንድ ዓይን ጨፍኑ፣ በእርሳሱ ጫፍና በአውራ ጣታችሁ የጭንቅላቱን ርዝመት ያዙ፣ ከዚያ ቀሪው አካል ስንት ጭንቅላት እንደሚሆን ቁጠሩ። ክርናችሁ ከታጠፈ እርሳሱ ወደ ዓይን ስለሚቀርብ ልኬቱ ይለዋወጣል፤ «ለክቼም ተሳሳትኩ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ቆማችሁ፣ ክንዳችሁን ከትከሻ እያንቀሳቀሳችሁ ሣሉ፤ በየ10 ደቂቃው ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄዳችሁ እዩ።

ሁለተኛው ችግር ጥቁርን መፍራት ነው። ውጤቱ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ይሆናል። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ስታዩ ዝርዝሩ ይጠፋና ብርሃን፣ መካከለኛና ጥላ ብቻ ይቀራሉ። መጀመሪያ እነዚህን ሦስቱን ብቻ አስቀምጡ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያደገ ዓይን መስመር አውጥቶ ውስጡን ወጥ በሆነ ቀለም መሙላት ይቀናዋል። ያ የራሱ ሕግ ያለው ታላቅ ጥበብ እንጂ ጉድለት አይደለም፤ ይህ ኮርስ የሚጠይቀው ግን ሌላውን መንገድ ነው።

ከስልክ ፎቶ መሣልም እዚሁ ይገባል። በቅርብ የተነሣ ፊት አፍንጫው ይገዝፋል፤ ጥላውም ብዙ ጊዜ ድፍን ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ፖርትፎሊዮ ሲገመግሙ ደግሞ በዓይን ታይቶ የተሣለውን ይፈልጋሉ።

የቀለምን መድረቂያ አለማስላት

አክሪሊክ በደቂቃዎች ይደርቃል። የዘይት ቀለም በስሱ ሲቀባ ቀናትን፣ ሲወፍር ሳምንታትን ይፈልጋል። በ6 ሳምንት ኮርስ አንድ ሸራ ብቻ ይዞ የተቀመጠ ሰው እርጥብ በእርጥብ ላይ እየደረበ ቀለሙን ጭቃ ያደርገዋል፤ ሁለት ሸራ ይዛችሁ አፈራርቁ። ከታች ዘይቱ ያነሰ፣ ከላይ የበዛ ይሁን፤ ከተገለበጠ ላዩ ይሰነጠቃል። በደረቀ አክሪሊክ ላይ ዘይት መቀባት ይቻላል፤ በዘይት ላይ ግን አክሪሊክ ስለማይጣበቅ ይላጣል። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲጣል ራሱን አሙቆ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ በውኃ ነክሮ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ሂስ ላይ ዝም ማለት

ሂስ (ክሪቲክ) ተማሪዎች በክፍል ውስጥ አንዱ የሌላውን ሥራ አይተው አስተያየት የሚሰጡበት ሰዓት ነው። በመምህር ፊት ዝምታ ለእኛ ጨዋነት ነው፤ በስቱዲዮ ውስጥ ግን አለመሳተፍ ተብሎ ነጥብ ያስቀንሳል። «ያምራል» አይበቃም። ዓይናችሁ መጀመሪያ የት እንዳረፈ፣ ለምን እዚያ እንዳረፈ፣ የትኛው ክፍል እንዳልተፈታ ተናገሩ። የራሳችሁን ሥራ ስታቀርቡ የጠልሰሙን (የክታብ ሥዕሉን) ዓይን ወይም የሐረጉን (የብራና መጻሕፍቱን) ጌጥ ከየት እንዳመጣችሁት አስረዱ። በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማረው እስክንድር ቦጎሲያን የጠልሰምን ቅርጾች ወደ ዘመናዊ ሥዕል ያመጣ ሠዓሊ ነው፤ መምህራችሁ ምንጩን ካላወቀ እናንተ ካላሳወቃችሁት አያየውም።

ሥራውን ሳያነሡ መውጣት

ኮርሱ ሲያልቅ ስቱዲዮው ለቀጣዩ ክፍል ይጸዳል፤ የተረሳ ሥራ ሊጣል ይችላል። ፎቶውን በየሳምንቱ አንሡ፦ ጥላ ሥር፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከሥዕሉ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ፣ ጠርዞቹ ቀጥ ብለው እስኪታዩ። ከፎቶው ጋር ልኬቱን፣ የተሣለበትን ቁስና ዓመቱን ጻፉ፤ የፖርትፎሊዮ ማመልከቻ እነዚህን ይጠይቃል፤ በአብዛኛውም ከ10 እስከ 20 ሥራ ይፈልጋል።