ከጥገና በኋላ የተረፈች ዕቃ፦ የድሮ ቴፕና አምፕሊፋየር ሲገጠም የሚሠሩ ስህተቶች

ክዳኑ ተዘግቷል፣ ብሎኖቹ ጠብቀዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ግን አንዲት ሮንዴላ ወይም ሞላ ቀርታለች። የድሮ ቴፕ፣ ሸክላ ማጫወቻ ወይም አምፕሊፋየር የፈታ ሁሉ ያውቀዋል። መሣሪያውን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በኋላ የሚደረገው ነው።

«ትንሽ ናት፣ ያለሷም ይሠራል» ብሎ ማብራት

ስትቀር ከሁሉም የከፋችው በትራንዚስተሩና ሙቀቱን በሚያስወጣው ብረት (ሂት ሲንክ) መሐል የምትገባው፣ ኤሌክትሪክ የማታስተላልፈው፣ እንደ ሴላፎን የሳሳችው ሚካ ናት። እንደ ቱ ኤን 3055 ያሉ ባለ ብረት ቆብ ትራንዚስተሮች ላይ ቆቡ ራሱ ኮሌክተር (ከትራንዚስተሩ ሦስት መገናኛዎች አንዱ) ነው። ሚካዋ ከሌለች ኮሌክተሩ ከሂት ሲንኩ፣ በሂት ሲንኩም በኩል ከሻሲው (ከመሣሪያው የብረት አካል) ጋር ይገናኛል። ዕድል ከቀና ፊውዙ ብቻ ይቃጠላል፤ ካልቀና ትራንዚስተሩም አብሮ ይሄዳል።

ሚካዋን በቀዳዳዎቿ ትለዩዋታላችሁ፦ ሁለት ሰፋ ያሉ ለብሎን፣ ሁለት ጠበብ ያሉ ለቤዝና ለኤሚተር እግሮች። ብሎኑ ራሱ እንዳያገናኝ የምትገባ ባለ አንገት የፕላስቲክ ሮንዴላም አለች፤ እሷም ብትቀር ውጤቱ ያው ነው። ሚካዋን በሁለቱም ፊቷ የሙቀት ቅባት ስስ አድርጋችሁ ቀቡና ግጠሙ። ከዚያ መሣሪያው ከሶኬት ተነቅሎ፣ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያዎቹ (የካፓሲተሮቹ) ቮልት ወደ ዜሮ መውረዱን አይታችሁ፣ ቴስተሩን መስመር ሲገናኝ በሚጮኸው ቦታ ላይ አድርጋችሁ፣ አንዱን ጫፍ ቆቡ ላይ፣ ሌላውን ያልተቀባ የሂት ሲንክ ብረት ላይ አድርጉ። ቴስተሩ መጮህ የለበትም። የድሮውን ትራንዚስተር ጀርባው ሁሉ ፕላስቲክ በሆነ ከቀየራችሁ ግን ሚካዋ ብትተርፍ አትደንግጡ።

ዕቃዋን ቶሎ መጥረግ

ብዙ ሰው መጀመሪያ በቤንዚን ያጥባታል፤ ማስረጃውን አጠበው ማለት ነው። ባለችበት ሁኔታ ወደ መብራት ጠጋ አድርጋችሁ እዩዋት። አንድ ፊቷ ላይ የሚያብረቀርቅ ክብ ካለ የሚሽከረከር ነገር ሲፈትጋት ኖሯል፤ ግራሶ ካለባት ከሞተሩና ከፑሊዎቹ አካባቢ ናት። ጥርሷ ላይ የቀለም ፍርፋሪ የያዘች ጥርሳም ሮንዴላ ደግሞ የግራውንድ ሽቦ ከሻሲው የሚታሰርበት ላይ የነበረች ናት። ቀለሙን ነክሳ ብረቱን የምታገኘው እሷ ስለሆነች፣ ስትቀር ድምፅ ማጉያው እምምም ማለት ሊጀምር ይችላል። አሁን ወደ መሣሪያው ተመለሱና በአቧራው መሐል በልኳ የቀረ ንጹሕ ክብ ፈልጉ።

ሞላ በጫፉ ይታወቃል። መንጠቆ ካለው የሚስብ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ ከሆነ የሚገፋ ነው። አጭር የሚገፋ ሞላ ከካሴት ቴፕ ከተረፈ ከሄዱ (ካሴቱን ከሚያነበው ክፍል) ብሎኖች ሥር ፈልጉት። እሱ ከሌለ ሄዱ ያዘነብላል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል፣ ዘፈኑ ከብርድ ልብስ ሥር የሚመጣ ይመስላል።

ሌላውን ቻናል አለማየት

ስቴሪዮ አምፕሊፋየር ግራና ቀኙ መንታ ነው። በአንዱ በኩል ያለች ሮንዴላ በሌላው ከሌለች ፍለጋው አለቀ። ይህን ትቶ ሰዓታት የሚያባክን ሰው ብዙ ነው።

የተገኘውን ብሎን ባዶ ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት

ጥርሱ ሰፋ ያለው ብሎን ለፕላስቲክ፣ ደቃቁ ለብረት ነው። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካስገባችሁት ቦርድ ወይም ሽቦ ይወጋል። ከሄድ አጠገብ ከነሐስ የተሠራ ብሎን ካገኛችሁ በብረት አትተኩት፤ ማግኔት ከያዘ ካሴቱ ላይ ሹክሹክታ ይጨምራል።

ሁሉም መመለስ አለበት ማለት

ሸክላ ማጫወቻ ላይ ሁለት ተቃራኒ ጉዳዮች አሉ። በአንዳንዱ ከሳህኑ ዘንግ ሥር የምትቀመጥ የብረት ኳስ ስትገለብጡት ትወድቃለች፤ እሷ የግድ ትመለስ፣ አለዚያ ዘንጉ ታች ፈትጎ ጉርምርምታ ያመጣል። ለጉዞ ብቻ የሚታሰሩት ብሎኖች ግን ማጫወቻው ሲሠራ ወጥተው ወይም ላልተው መቆየት አለባቸው። ደግሞም የተረፈው ከእናንተ በፊት የፈታው ሰው የጣለው ብሎን ሊሆን ይችላል።

በቀጥታ ሶኬት ላይ መሰካት

አምፕሊፋየሩን መጀመሪያ ባለ 60 ወይም 100 ዋት የድሮ ባለ ክር አምፖል በተከታታይ አገናኝታችሁ አብሩት፤ ኤል ኢ ዲ ለዚህ አይሆንም። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ደምቆ ከቀረ ወዲያው ንቀሉና ወደ ሚካዋ ተመለሱ።