የአሮጌ ሚኒባስ የጎማ ኩሽኔታ፦ ከምልክቱ እስከ ጥገናው

በአዳማ ለዓመታት በታክሲነት ያገለገለ ሚኒባስ በበጋ ነፋስ የሚያነሣውን ደቃቅ አቧራ፣ በክረምት ደግሞ ከዙሪያው ኮረብታ ወደ ከተማዋ የሚወርደውን ጎርፍ እያቋረጠ ስለሚሠራ፣ የፊት ጎማ ኩሽኔታው (ጎማው በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚያስችለው ባለ ሮለር ክፍል) ግራሶ ቶሎ ይበላሻል። ሆኖም ድምፅ የተሰማበት ጎማ ሁሉ አዲስ ኩሽኔታ ይፈልጋል ማለት አይደለምና ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ምክንያቱ ሊለይ ይገባል።

ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ላይ ከፍጥነቱ ጋር እየጨመረ የሚሄድ ጉርምርምታ ከተሰማ፣ በመጀመሪያ ከጎማው ድምፅ ጋር ይነጻጸራል። የጎማ ድምፅ የአስፋልቱ ገጽ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል፤ የኩሽኔታ ድምፅ ግን በመንገዱ አይለወጥም፣ ፍሪሲዮን ሲረገጥም አይጠፋም። መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ በግራ በኩል ስለሚያርፍ፣ በዚያን ጊዜ ድምፁ ከጎላ የሚጠረጠረው የግራው ኩሽኔታ ነው።

ጎማው በክሪክ ተነሥቶ፣ መኪናው በጠንካራ ድጋፍ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ላይና ታቹ ተይዞ ሲነቀነቅ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ፍሬን እንዲረግጥ ይደረጋል። ንቅናቄው ከጠፋ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም አልቋል፤ ካልጠፋ ችግሩ ያለው ጎማውን በተሸከሙት መገጣጠሚያዎች ላይ ነው። ግራና ቀኙ ተይዞ ብቻ የሚነቃነቅ ጎማ በአብዛኛው የሚያመለክተው የመሪ ቴስቲናን (የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን መገጣጠሚያ) ነው።

ከጉዞ በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ፣ ፍሬኑ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ፍሬኑ ነጻ ከሆነ ግን ግራሶው ደርቋል ወይም ኩሽኔታውን የሚያስረው ዳዶ ከልክ በላይ ጠብቋል።

ከተፈታ በኋላ ውስጠኛውና ውጨኛው ኩሽኔታ በናፍጣ ታጥበው በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃሉ። ሮለሮቹ ወይም የሚሽከረከሩበት ቀለበት ተቦርቡረው ወይም በሙቀት ሰማያዊ ሆነው ከተገኙ፣ ኩሽኔታው ከነቀለበቱ ይለወጣል፤ አሮጌውን ቀለበት ትቶ ሮለሩን ብቻ መቀየር አዲሱንም ያስበላል። ሙቀት የሚቋቋም ግራሶ በመዳፍ ተይዞ በሮለሮቹ መካከል አልፎ በሌላኛው ወገን እስኪወጣ ይሞላል፤ በአሮጌው ላይ መደረብ አቧራውን እዚያው ማስቀረት ስለሆነ ፈጽሞ አይመከርም። የዘይት መከላከያው ላስቲክም አብሮ ይቀየራል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ዳዶውን ማሰሩ ነው፤ በጉልበት ጠርቅሞ ማሰር ጥሩ ኩሽኔታ ያቃጥላል። ጎማው በእጅ እየዞረ ዳዶው በመጠኑ ይጠብቃል፣ ኩሽኔታው ቦታውን ሲይዝ ይላላል፣ ከዚያም በጣት ኃይል ብቻ መልሶ ይጠብቃል። የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው ፒን) ቀዳዳ ካልገጠመ ዳዶው ጥቂት ይላላል እንጂ አይጠብቅም፤ ኮፒሊያውም አዲስ ይሁን። ከአጭር ጉዞ በኋላ የቸርኬው ሙቀትና የጎማው ንቅናቄ እንደገና ይታያል።