ረቂቅን ሳይታተም ማስተቸት፦ ለጀማሪ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች

በእኛ ዘንድ ልብ ወለድ ጸሐፊ ከእውነተኛ ሂስ ጋር የሚገናኘው አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉ ታትሞ፣ የማተሚያ ቤቱ ሒሳብ ተከፍሎ፣ አንዲት ፊደል እንኳ ማረም ከማይቻልበት ደረጃ ከተደረሰ በኋላ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ረቂቁን ያነበቡ ወዳጆች ይሉኝታ ይዟቸው «ግሩም ነው፤ በርታ» ብለው ይመልሱታል። ብዙ ጀማሪ የኅትመቱን ወጪ ከራሱ ኪስ ስለሚሸፍን መዘግየቱ ከልብ ስብራት ጋር ገንዘብም ያስከፍለዋል። ስለዚህ እዚህ ላይ አብዝቼ የማተኩረው ሂሱ ገና ማረም በሚቻልበት ጊዜ እንዲመጣ በሚያደርጉ መንገዶች ላይ ነው።

በመጀመሪያ ግን የሚተች ረቂቅ መኖር አለበት። በቀን 300 ቃላት፣ በሳምንት አምስት ቀን የሚጽፍ ሰው በ40 ሳምንት 60,000 ቃላት ይኖሩታል፤ ይህም ለአንድ መካከለኛ ልብ ወለድ ይበቃል። ብዙዎች ከመንገድ የሚቀሩት የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሲያሳምሩ ስለሚከርሙ ነውና፣ መጨረሻው ሳይደርሱ ወደ ኋላ ተመልሰው አያርሙ። መካከል ላይ ታሪኩ አልንቀሳቀስ ካለ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ምን እንደሚፈልግና ማን እንደሚከለክለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ዓረፍተ ነገሩ አልመጣ ካለ ታሪኩ የቆመው እዚያ ላይ ነው።

ረቂቁ ሲያልቅ ቢያንስ ለአንድ ወር ዘግተው ያስቀምጡት፤ ከዚያ ድምፅዎን አሰምተው ያንብቡት። የአማርኛ ልብ ወለድ በጆሮም የሚነበብ ነው፤ የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተላለፍ ብዙዎች ታሪኩን ያወቁት በመስማት ነበር። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ አራት አምስት ሐረግ ተሸክሞ የሚጓዝ ዓረፍተ ነገር ማን ምን እንዳደረገ ሳይገልጽ አንባቢውን ያቆየዋል፤ ትንፋሽ የሚያጥርበትን ቦታ ለሁለት ይክፈሉት። ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይም፣ «ገና» በዓሉ ይሁን ወይም «እስካሁን» ለማለት የገባ ከዐውዱ ወዲያው ካልታወቀ አንባቢው ይሰናከላል። «ዓለሙ» በአንዱ ገጽ በዐይኑ ዐ፣ በሌላው በአልፋው አ እንዳይጻፍ የገጸ ባሕርያቱን ስም በአንድ ወረቀት ላይ መዝግበው ይያዙ። ከሁሉም በላይ የአክብሮት አጠራርን ይቆጣጠሩ። በምዕራፍ 2 አማቷን «እርስዎ» ስትል የነበረች ምራት በምዕራፍ 9 «አንቺ» ካለች፣ በመካከል አንድ ከባድ ነገር መድረስ አለበት። ደርሶ ከሆነ ይህች አንዲት ቃል አንድ ገጽ ሙሉ ቁጣ ትገልጻለች፤ ካልሆነ ግን ተራ ስሕተት ናት።

አሁን ረቂቁን ለሰው የሚሰጡበት ጊዜ ደርሷል። ሦስት አንባቢ ይበቃል፦ አንዱ ልብ ወለድ አዘውትሮ የሚያነብ፣ ሌላው ቋንቋ የሚያውቅ፣ ሦስተኛው ደግሞ የጻፉትን ኑሮ የኖረ ሰው ይሁን። ይህ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እኔ ራሴ በአንድ ረቂቅ ውስጥ ሐምሌ ላይ ጤፍ አሳጭጄ ነበር፤ ሁለት የከተማ ወዳጆቼ ምንም ሳይሉ አለፉት። በእርሻ ያደጉ አንድ አዛውንት ግን ወረቀቱን አስቀምጠው «ልጄ፣ ያን ጊዜ እኮ ገና እየተዘራ ነው» አሉኝ። ያን ቀን የተሰማኝ እፍረት ከታተመ በኋላ ሊደርስብኝ ከሚችለው እጅግ ያነሰ ነበርና እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

አንባቢውን «እንዴት ነው?» ብለው አይጠይቁት፤ ይህ ጥያቄ ምስጋናን እንጂ ሂስን አይጋብዝም። ይልቁንም «የት ላይ ስትደርስ አስቀመጥኸው? የማንን ስም ረሳኸው? የትኛውን ገጽ ዘለልኸው? የማን ንግግር የሰው ንግግር አልመሰለህም?» ይበሉት። ኅዳጉ ሰፊ የሆነ የወረቀት ቅጂና እርሳስ ሰጥተው የሰለቸው ቦታ ላይ ምልክት ብቻ እንዲያደርግ ቢለምኑት፣ በአፉ ሊናገረው ያፈረውን በእጁ ይነግርዎታል። የትሕትናን ቋንቋ መመዘንም ይልመዱ፤ አንድ ትልቅ ሰው «መልካም ነው፣ ትንሽ ቢያጥር ግን አይከፋም» ካሉ፣ ብዙ ገጽ ይውጣ ማለታቸው ሊሆን ይችላል።

ሂሱን ሲቀበሉ አይከራከሩ፤ ይጻፉት፣ ያመስግኑ፣ ለሦስት ቀን አይንኩት። ከዚያ ሲመለሱበት የወር፣ የጾም፣ የአገር ልማድና የመሳሰለው ስሕተት ያለ ሙግት ይታረማል። ሁለት አንባቢዎች አንድ ቦታ ላይ ከሰለቹ፣ ያቀረቡት መፍትሔ ቢለያይም በሽታው እዚያ አለ፤ መድኃኒቱን ማግኘት ግን የእርስዎ ሥራ ነው። የቀረው የምርጫ ጉዳይ ነውና በራስዎ ይወስኑ። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ ቋንቋው ከበደን ያሉ አንባቢዎች ነበሩ፤ ዛሬ ግን ከአማርኛ ልብ ወለድ ምርጥ ሥራዎች ተርታ ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ የአንባቢን ቅሬታ ሁሉ በዚህ ምሳሌ ማጣጣል አይገባም፤ የከበደው ቃል ለገጸ ባሕርይው የሚያስፈልግ መሆኑን ገጹን እያሳዩ ማስረዳት ካልቻሉ ቀለል ያለውን ይተኩ።

ከታተመ በኋላ የሚመጣው ሂስ ሌላ ጠባይ አለው። ዘመድ «እኔን ነው የጻፍኸው» ብሎ ሊቀየም ይችላል፤ በስልክ ከመመለስ ቤቱ ሄደው፣ ገጸ ባሕርይው ከስንት ሰው እንደተቀዳ በእርጋታ ይንገሩት። ሐያሲ በጋዜጣ ወይም በመድረክ ሲተች፣ ያልተጻፈ ነገር ተጽፏል ካላለ በቀር መልስ አይስጡ። ከመጽሐፉ አንድ ቅጂ ለይተው፣ የደረሰዎትን እርማት ሁሉ በየገጹ ኅዳግ በቀይ እስክሪብቶ እያሰፈሩ ያቆዩት፤ ሁለተኛው ኅትመት ሲደርስ ጽሑፉን ለኅትመት ለሚያሰናዳው ሰው የሚሰጡት ያንን ቅጂ ነው።