ሲሞቅ አልከፈት ይል የነበረው ሞሲን

መነጽር የተገጠመለት ሞሲን ናጋንት 1891/30 ጠመንጃዬ ጥቂት ከተተኮሰበት በኋላ መቀባበያው ይጣበቅብኝ ነበር። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጥይት አጎራረሴን ነው። ፒዩ የሚባለው 3.5 እጥፍ የሚያጎላው መነጽር ከላይ ስለሚጋርድ 5ቱን ጥይት በማያያዣ ባንዴ መጨመር አይቻልም፤ አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን እስኪይዝ ወደ ታች ተጭኖ ነው። ግን ማጉረሱ ደህና ነበር፤ የሚያስቸግረው ባዶው ቀለህ ሲወጣ ብቻ።

ለካ ለክምችት የተቀባው የድሮ ወፍራም ቅባት ጥይቱ በሚቀመጥበት ጉድጓድ ግድግዳ ላይ ደርቆ ቀርቷል፤ በርሜሉ ሲግል ይለሰልስና ቀለሁን እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይኔም በጣቴም አረጋግጬ፣ መቀባበያውን አውጥቼ፣ ጉድጓዱን በነጭ ጋዝና በነሐስ ብሩሽ ፈተግሁት፤ ጨርቁ ቡናማ መውጣቱን እስኪተው ድረስ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ። አሁን ከ20ኛው ጥይት በኋላም ያለ ትግል ይከፈታል።